ጊሩ ሻፍቱ ላይ ሲዞር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ከጎጃም የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ጊርን (ባለ ጥርሱን መሽከርከሪያ) ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) ላይ አስሮ ስለማቆየት ወይም ከዚያ ስለማውጣት ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልን። ለማስተማሪያ የሚሆን ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ስትሮክ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ራሳችን እየሠራን ነው። የክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ሻፍት) ጊር 20፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ሻፍት) 40 ጥርስ አለው፤ ሞጁላቸው (የጥርሳቸው መጠን መለኪያ) 1፣ ውፍረታቸው 10 ሚሜ ነው። ሻፍቶቹም 10 ሚሜ ናቸው። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ) እና ትራፓኖ (መብሻ) አለን፤ የኪ (ጊርን ከሻፍት ጋር የሚቆልፍ ትንሽ ብረት) ቦይ የሚቆርጥ ማሽን የለንም። ጊሮቹን ጭንቅላት በሌለው ቡሎን ብናስራቸው ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ታይሚንጉ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ) ይዛባል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ቡሎኑን የበለጠ ማጥበቅ አይፈይድም። ቫልቩ ሲከፈት ስፕሪንጉ ካምሻፍቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጊሩ በየዙሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይነቀነቃል። ጉልበቱ ትንሽ ቢሆንም ቡሎኑ ሻፍቱን የነከሰው በአንዲት ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቧን እየቆፈረ ራሱን ያላላል። ሻፍቱን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቡሎኑን እዚያ ላይ ብታሳርፉት ዕድሜው ይረዝማል፤ ለታይሚንግ ጊር ግን አሁንም አይታመንም።

የኪ ማሽን ባለመኖሩ ብዙም አትቆጩ። በ40 ጥርስ ጊር ላይ አንድ ጥርስ ማለት 9 ዲግሪ ነው፤ ክራንክሻፍቱ እጥፍ ስለሚዞር በእሱ ሲቆጠር 18 ዲግሪ ይሆናል። የኪው ቦይ ትንሽ ስቶ ከተቆረጠ፣ ጥርስ በማሳለፍ የምታስተካክሉት በ18 ዲግሪ ዝላይ ብቻ ነው። ማጣበቂያ ግን በፈለጋችሁት ዲግሪ ላይ እንድታቆሙት ይፈቅዳል።

ለእናንተ የሚመቸው የሎክታይት 638 ወይም 648 ማጣበቂያና አንድ ፒን ነው። ለቡሎን የሚቀባው ሰማያዊው 243 ለዚህ አይሆንም፤ ሱፐር ግሉማ ጨርሶ አይታሰብ፣ በሙቀት ይለቃል። ሻፍቱን ከጊሩ ቀዳዳ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሜ አሳንሳችሁ ቁረጡት። በእጅ ሲገፋ የሚገባ፣ ገብቶ ግን የማይላወስ መሆን አለበት። በአሸዋ ወረቀት እንደ መስታወት አታብሩት፤ የቶርኖው ቢላ የተወው ስስ መስመር ለማጣበቂያው መያዣ ይሆነዋል። ሁለቱንም በአሴቶን አጥቡ። በናፍጣ ከታጠበ ቅባት ይቀርበታል፤ ብዙ ጊዜ «ማጣበቂያው አልያዘም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣበቂያው የሚደርቀው ብረት ነክቶ አየር ሲያጣ ነው። ስለዚህ ከጠርዙ የተረፈው እርጥብ ሆኖ ቢቆይ አትደንግጡ፤ በጨርቅ ጥረጉት። ወደ ኩሽኔታ ግን ከገባ ኩሽኔታውንም ያስረዋል። ብረት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ መያዝ ስለሚጀምር፣ ታይሚንጉን አስቀድማችሁ በደረቁ አስተካክሉና ጊሩንም ሻፍቱንም በአንድ መስመር ጭረት ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ ሻፍቱን ቀብታችሁ፣ ጊሩን እያዞራችሁ አስገቡና ጭረቶቹ ሲገጥሙ አቁሙ። 24 ሰዓት ሳይሞላው ሞተሩን አታስነሱ።

ይበቃል ወይ? የሚነካካው ገጽ 3.14 × 10 × 10፣ ማለትም 314 ካሬ ሚሜ ነው። በካሬ ሚሜ 20 ኒውተን ብንይዝለት 6,280 ኒውተን ይሸከማል፤ በ5 ሚሜ ሬዲየስ ሲባዛ ወደ 31 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ለምትና ለጥራት ጉድለት ብለን ሩቡን ብቻ ብናምን እንኳ ወደ 8 ይቀረናል። 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ክራንክሻፍቱ ላይ የሚሰጠው 2.4 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ፒኑ መጠባበቂያ ነው። በማግስቱ፣ ጊሩና ሻፍቱ በሚገናኙበት ክብ መስመር ላይ፣ ከጎን፣ ከሻፍቱ ጋር ትይዩ የሆነ 3 ሚሜ ቀዳዳ 8 ሚሜ ያህል ጥልቀት ብሱ፤ ግማሹ ከጊሩ፣ ግማሹ ከሻፍቱ ይቆረጣል። የተሰበረ ባለ 3 ሚሜ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ጫፍ) አንገት ቆርጣችሁ በዚያው ማጣበቂያ ቅበሩበት። ይህ ክብ ኪ ነው፤ ከትራፓኖ በቀር የሚፈልገው ማሽን የለም። በትንሹ ጊር ላይ ከቀዳዳው እስከ ጥርሱ ሥር 3.75 ሚሜ አለ፤ ፒኑ 1.5 ሲወስድ 2.25 ይቀራል፣ ይህም በቂ ነው። አንዱ ብረት ከሌላው ከጠነከረ ፑንታው ወደ ለስላሳው ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ በአጭር የማዕከል ፑንታ ጀምሩ፣ ቀጥሎ በ2 ሚሜ፣ መጨረሻ በ3 ሚሜ። ሞረድ የሚንሸራተትበት የጠነከረ ጊር ከሆነ ፒኑን ተዉት፤ ማጣበቂያው ብቻውን ይችለዋል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የበቆሎ መፈልፈያ በውኃ ፓምፕ ሞተር እናሠራለን። የሞተሩ ሻፍት ላይ ያለው ጊር በየሳምንቱ ኪ ይበላል። ከጠንካራ ብረት ብናሠራው ደግሞ ቦዩ ሰፋ።

መልስ፦ ጥፋቱ ከኪው አይደለም፤ የጊሩን ቀዳዳ ለኩት። ብዙዎቹ ትንንሽ የፓምፕ ሞተሮች ሻፍታቸው 19.05 ሚሜ፣ ማለትም ሦስት ሩብ ኢንች ነው፤ ኪያቸውም 4.76 ሚሜ። ቶርኖ ቤት «20 ነው» ብሎ ከቀደደው ወደ 1 ሚሜ የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል። ያኔ ጊሩ በእያንዳንዱ ምት ኪውን ይመታዋል። ኪው ሲጠነክር ምቱ ወደ ቦዩ ይዞራል፤ ቦዩ ሻፍቱ ላይ ስለሆነ ኪሳራው ይብሳል። ለስላሳ ኪ ቢቆረጥ ይሻላል፣ ርካሽ ነው።

ጊሩን አስፍታችሁ ቡሽ (ቀዳዳውን የሚያጠብ የብረት ቱቦ) አስገቡበት፤ ቀዳዳውም ሻፍቱ ላይ ከ0.02 ሚሜ ባልበለጠ ክፍተት ይቀመጥ። ሻፍቱ እውነተኛ 20 ሚሜ ከሆነ በሜትሪክ ደረጃው ኪው 6 በ6 ነው፤ ቦዩ ሻፍቱ ውስጥ 3.5፣ ጊሩ ውስጥ 2.8 ሚሜ ይጠልቃል። ሲደመር 6.3 ነውና ከኪው በላይ 0.3 ሚሜ ባዶ ይቀራል፤ ይህ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ኪ መጥበቅ ያለበት በጎኑ ነው። ከላይ ከነካ ጊሩን ወደ አንድ ወገን ያነሳዋል፣ ጥርሶቹም በአንድ በኩል ብቻ ይበላሉ። በመጨረሻ በሻፍቱ ጫፍ ቀዳዳ ላይ ወፍራም ሮንዴላና ቡሎን እሰሩበት፤ ጊሩ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው እሱ ነው።

በመፈልፈያው በራሱ ሻፍት ላይ ያለውንና የማይፈታውን ጊር ግን አሙቆ ማስገባት ከሁሉም ይበልጣል። ለ20 ሚሜ ሻፍት ቀዳዳውን 0.02 ሚሜ አጥብባችሁ አስቆርጡ። የፈላ ውኃ አይበቃም፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቀዳዳው የሚሰፋው 0.017 ሚሜ ያህል ብቻ ነው። ወደ 200 ዲግሪ የደረሰ ብረት ግን 0.04 ይሰፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አክንባሎ ከድናችሁ ብታቆዩት እዚያ ይደርሳል (የእንጀራው ምጣድ ግን ዘይት እንዳይነካው የቤቱን እመቤት አስፈቅዱ)። ብረቱ የገለባ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ አልፏል፤ የጠነከረ ጥርስ መለስለስ ጀምሯል። ሲገባ ባንድ ግፊት ይሁን። መሐል ላይ ከቆመ እዚያው ይነክሳል፤ ስለዚህ የሚቆምበትን ማገጃ አስቀድማችሁ ሻፍቱ ላይ አዘጋጁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ለምን በብየዳ አንጨርሰውም? ብዙ ቦታ እንዲያ ይሠራል።

መልስ፦ የጊር ብረት ካርቦን ስለሚበዛበት ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አንዳንዴ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። በአንድ በኩል የተበየደ ሻፍት ደግሞ ይጎብጣል። መበየድ ግድ ከሆነ ከለስላሳ ብረት መሐል እምብርት አስቆርጡና እሱን ከሻፍቱ በይዱ፤ ጊሩን በእምብርቱ ላይ በአራት ቡሎን እሰሩት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በሎክታይት የተያዘ ጊር እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ ወደ 250 ዲግሪ አሙቁትና ሳይቀዘቅዝ በማውጫ ሳቡት፤ ከቀዘቀዘ እንደገና ይይዛል። ጭሱ ስለሚጎዳ በር ክፈቱ። የጠነከረ ጊር ከሆነ በዚህ ሙቀት ጥርሱ ስለሚለሰልስ፣ መልሳችሁ እንደማትጠቀሙበት አስቡና አውጡት።