በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረው ቃል፦ ለወጣት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር በአንድ ሥልጠና ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ሰው ብቻ ቢቃወም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዴት አድርገን እንጽፈዋለን?» ስትል ጠየቀችኝ። አጭር መልስ ሰጥቻት አለፍሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ እኔ ያንን አንድ ሰው ሳልጽፈው ቀርቻለሁና።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ፣ በ1970 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በመመናመኑ፣ ሰፈራና እርሻም ወደ ውስጥ በመግፋቱ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ እንዲወጣ ድንበሩ እንደ ገና መካለል ነበረበት፤ እኔም ያኔ ወጣት ሆኜ ከአካላዮቹ ጋር ወጣሁ።

በጥቅምት ወር ከፓርኩ ጠርዝ ካለች አንዲት መንደር አደርን። ሳይነጋ አንድ ሽማግሌ ቀስቅሰውኝ፣ ውርጭ የሸፈነውን የጓሳ ሣር እየረገጥን ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰዱኝና በደረቴ አስተኙኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የጠጠር መንሸራተት ነበር፤ ቀጥሎ ከበታቻችን ባለች ጠባብ እርከን ላይ ዋልያዋ ከነግልገሏ ብቅ አለች፤ ግልገሉ እግሮቹን ሰብስቦ ከሆዷ ሥር ተለጥፎ ቆመ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የምትወልደው በዚህ ወራት ነው፤ ያኔ እኛም ከብት ወደዚህ አናስጠጋም። ውኃ የሚቸግረን ከጥር ወዲያ ነው። ያንን ምንጭ ለበጋ ብቻ ተዉልን» አሉኝ። ቃላቸውን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በእርሳስ ጻፍሁት።

ረፋዱ ላይ ስለ ድንበሩ በተደረገው ስብሰባ ሰዉ ዝም ብሎ ሲሰማ፣ እርሳቸው ብቻ ተነሥተው ያንኑ ደገሙ። ሰብሳቢው አመስግኖ አስቀመጣቸው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርሁ፤ መኪናው ሳይመሽ መነሣት ነበረበት፤ ቅጹም ለውሳኔው የሰጠው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍሁ። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም ነበርና ሳነብላቸው ያችን ዐረፍተ ነገር ዘለልኋት። ጣታቸውን ቀለም አስነክሬ በወረቀቱ ላይ የጫንሁት በገዛ እጄ ነው።

የድንበሩ ምልክት ምንጩን ወደ ውስጥ አስቀርቶ ተተከለ። በበጋው የመንደሩ ልጆች ከብቶቻቸውን ሌሊት ወደ ምንጩ ይነዱ ጀመር፤ የፓርኩ ጠባቂዎች (ስካውቶች) ያዟቸው፤ ቅጣት መጣ፤ ምልክቱም አንድ ቀን ተነቅሎ ገደል ገብቶ ተገኘ። በዓመቱ ተመልሼ ሽማግሌውን ዋልያ እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው፣ «ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቀደም ብሎ ከማዶው ሸንተረር ላይ የሚመጣውን ባልደረባዬን ከእኔ በፊት ያዩት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያች መንደር ዋልያ የት እንደ ወረደ የነገረኝ ሰው የለም።

ወቅት ለይቶ መከልከል ደግሞ ለአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። መንዝ ውስጥ የጓሳውን መሬት ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት እየዘጋ፣ ሣሩ ለጣሪያና ለገመድ እስኪደርስ ለዓመታት ይጠብቀው ነበር። ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። እኔ ይህን በንባብ ዐውቄው ሳለ፣ ያው ዕውቀት ከፊቴ ቆሞ ሲናገር አልለየሁትም።

እናንተ የሳተላይት ምስልና ድሮን አላችሁ፤ እኛ በእግራችን አንድ ሳምንት የፈጀብንን ሸንተረር ከወንበራችሁ ሳትነሡ ታዩታላችሁ። በዚህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ከመንደር ማደር እንደምትሸሹ አያለሁ፤ በዚህም አዝናለሁ፤ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ከላይ የተነሣ ምስል ቢነግራችሁ እንኳ፣ ሲደርቅ ማን የት እንደሚሄድ አይነግራችሁም።

ይህን ስል ድንበር ይላላ ማለቴ አይደለም። ከብት ፓርክ ውስጥ መግባት የለበትም ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ያችን ምንጭ ሳስብ ደግሞ ይህ እምነቴ ይናወጣል፤ ሁለቱን እስከ አሁን ማስታረቅ አልቻልሁም። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ሲዛወሩ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ሲወጣ ከልቤ ተደስቻለሁ፤ በዚያው ቀን ግን ጣታቸውን ቀለም ያስነከርኋቸው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ለጠየቀችኝ ልጅ ዛሬ የምሰጣት መልስ ይህ ነው፦ የተቃወመውን ሰው ስሙን፣ ያለውን ቃል በራሱ አነጋገር፣ የጠየቀውንም ወርና ቦታ ጻፊ፤ ቅጹ ካልበቃሽ ሌላ ወረቀት አባሪ አድርጊ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም አንዲት መስመር ሳትዘዪ ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል። የእርሳሱ ጽሑፍ ቢደበዝዝም ይነበባል፤ ገጹን ገልብጬ ልኬላታለሁ። ወደዚያ አካባቢ ተመድባለችና፣ ምንጩ ዛሬም ከጥር ወዲያ ውኃ ይኖረው እንደ ሆነ አይታ እንድትጽፍልኝ ለምኛታለሁ።