አዲስ ሸራ ተቀይሮለት ፍሬኑ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ስሆን በሥራዬ ምክንያት በቶዮታ ኮሮላ ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። የፊት ፍሬኑ ቢጮኽብኝ ሸራውን በአዲስ አስቀየርሁ፤ ሆኖም የዓባይን በረሃ ከተሻገርሁ በኋላ ጩኸቱ ተመለሰ። መካኒኩ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ፣ አሁን እንደገና ጀምሯል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጩኸቱ የሚፈጠረው ሸራው ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት) ያዝ ለቀቅ እያደረገ እጅግ በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ነው። ዝናብ ባደረበት ማለዳ ብቻ ተሰምቶ ጥቂት ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋው የዲስክ ዝገት ስለሆነ አያሳስብም። የእርስዎ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት እጅግ ረጅም ነው፤ እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ አሽከርካሪ ሸራውን ያለ ዕረፍት ስለሚያግለው ፊቱ ጠንክሮ መስታወት ይመስላል፣ ያን ጊዜም መጮኽ ብቻ ሳይሆን የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። መፈግፈጉ ይህን ገጽታ ለጊዜው ያነሣል እንጂ ምክንያቱን አይነካም። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ወደ ከባድ (ዝቅተኛ ቁጥር) ማርሽ ይቀይሩ፣ መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ «2» ወይም «ኤል» ላይ ያድርጉት፤ ፍሬኑንም ጠበቅ አድርገው ይዘው ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ ፈጽመው ይልቀቁት።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ደግሞ ሸራው ብቻ ሳይሆን አካባቢው ሁሉ እንዲታይ ይጠይቁ። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በአቧራና በዝገት ከተያዙ ሸራው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ሜዳ ላይም ይግላል፤ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህንን ነው። ፒኖቹ ተጠርገው ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ይቀቡ፣ ከሸራው ጀርባ የሚገቡት ቀጫጭን ላሜራዎችም በቦታቸው መኖራቸው ይረጋገጥ፤ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ሸራ ጋር ይጣላሉ። ግራሶም ሆነ ዘይት የሸራውን ፊት ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ጩኸት ለማጥፋት ብሎ ዘይት የሚያስነካ ሰው ቢገጥምዎ መኪናዎን አይስጡት። ዲስኩ ጠርዝ አውጥቶ ወይም ተቦርቡሮ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሊላጭ ይችላል፣ ነገር ግን ዲስኩ ላይ ከተጻፈው አነስተኛ ውፍረት በታች የሚወርድ ከሆነ መለወጥ አለበት።

ሸራው በሙቀት ከተጎዳ በጥንድ ይቀየር። ከዚያም ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ሳይቆሙ፣ አሥር ጊዜ ያህል በልኩ እየያዙ፣ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ እየነዱ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያለማምዱት።

ጩኸቱ ወደ ብረት መፋጨት ከተለወጠ ወይም ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ግን ሳይመረመር ወደ በረሃው አይውረዱ።