መልስ፦ በክፉ ቀን (በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በደረሰው ታላቅ ረሀብ) መሬቱም ገበሬውም እያለ አገሩ ለምን ተራበ?

መልሱ በሬ ነው። ለጥናት ወረቀትሽ ስትጠይቂኝ እንዳልሽው መሬትም ገበሬም ነበረ፤ አራሹ በሬ ግን አልቋል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከሰሜን ተነስቶ ደቡብ ድረስ ወረደ። አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ጨረሰው።

የደጋው እርሻ ሞፈርና ቀንበር ነው፤ እሱን የሚጎትተው ጥማድ በሬ ነው። በሬ ከሌለ የሚቀረው ዶማ ነው። በዶማ ደግሞ ለዓመት ቀለብ የሚበቃ ማሳ በወቅቱ አይደርስም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ሲጨመሩበት ነገሩ ከቁጥጥር ወጣ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት ሕዝቡ አይቶ እንዲከተል ነበር። በጣም የሚያሳዝን ዘመን ነው።

ይሄን ነጥብ አጥብቀሽ ያዢው፦ ግብሩም፣ የሠራዊቱ ስንቅም የቆመው በዚያው በሬ ላይ ነበር። ስለዚህ የአንድ እንስሳ በሽታ ከገበሬው ጓሮ እስከ ቤተ መንግሥት ደረሰ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም ደጋግሜ የማየው የዓመት መምታታት ነው። የውጭ መጻሕፍት ከ1888 እስከ 1892 ይላሉ፤ በእኛ ከ1880 እስከ 1884 ገደማ ማለት ነው። 1888ን እንዳለ ወስደሽ ዓ.ም. ካልሽው፣ የረሀቡን መጀመሪያ ከአድዋ ጦርነት ዓመት ጋር ታጋጪዋለሽ። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለሽ ጻፊ።