ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኪሎው ጥሩ ከሆነ እድገቱ ለምን ዘገየ ተባለ?

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፣ ወንድ ልጄ 17 ወሩ ነው። ጤና ጣቢያ በተመዘነ ቁጥር ሲስተር የካርዱን መስመር እያሳየች «እድገቱ በጣም ጥሩ ነው» ትለኛለች። ስልኬ ላይ የጫንኩት የልጆች መከታተያ መተግበሪያ ግን «እድገቱ ዘግይቷል» አለኝ። በቴሌቪዥን ደግሞ ስለ ቀዳማይ ልጅነት ልማት ይወራል። ልጄ ዕቃ ይዞ ይራመዳል፤ ብቻውን ግን አልቆመም፣ አፉንም አልፈታም። ስሙን ስጠራው የሚዞረው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ተይው» ትላለች። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሲስተርም ሆነች መተግበሪያው የነገሩዎት ስለተለያየ ነገር ነው። «እድገት» የሚለው ቃላችን ሁለት ጉዳይ ተሸክሟል፤ አንደኛው ኪሎ፣ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ መጨመር ሲሆን፣ ሁለተኛው መቆም፣ መስማት፣ መናገርና ከሰው ጋር መግባባትን የመሰለ የችሎታ መዳበር ነው። የካርዱ መስመር የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ፣ ኪሎው ያለምንም ችግር የሚጨምር ልጅ ጆሮው በደንብ ላይሰማ ይችላል።

በቴሌቪዥን የሚሰሙት «ልማት» የፖሊሲ ቋንቋ ነው፤ ስለ በጀት፣ ስለ መጫወቻ ቦታና ስለ ባለሙያ ሥልጠና፣ ባጠቃላይ ስለ ሁሉም ልጆች ይናገራል እንጂ ስለ እርስዎ ልጅ ምንም አይልም። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1990 እ.ኤ.አ. የሰብአዊ ልማት መለኪያን ሲያወጣ፣ አገርን በገቢ ብቻ መመዘን በቂ አለመሆኑን ተቀብሎ የዕድሜ ጣሪያንና ትምህርትን አብሮ መቁጠር ጀምሯል። ልጅንም በኪሎ ብቻ መመዘን እንዲሁ ጎዶሎ ነው። መተግበሪያው ደግሞ እርስዎ የሞሉለትን መልስ ደምሮ የሚመልስ መሣሪያ ነው፤ በሽታ አይለይም፣ ወደ ሐኪም ካመላከተዎት ግን ሥራውን ሠርቷል።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ እንዳየው፣ ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ እስካሁን «ወፌ ቆመች» አለመባሉ ጠርዙ ላይ አድርሶታል። በአገራችን ልጆች ብርድ እንዳይመታቸው ተሸፋፍነው ቤት ውስጥ ስለሚውሉ፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንታቸው ሳስቶ መራመድ የሚዘገዩ ብዙ ናቸው፤ የእጁ አንጓ የሰፋ ወይም እርግብግቢቱ ገና በሰፊው ክፍት ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስሙ ሲጠራ አልፎ አልፎ ብቻ መዞሩ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣልኝ መስማቱን ለማየት፣ እናቱ ጭን ላይ አስቀምጬ በአሻንጉሊት ሳጫውተው፣ ረዳቴ ከኋላው፣ ፊቷን በማያይበት፣ ዝግ ባለ ድምፅ ትጠራዋለች። ድስት ሲወድቅ ወይም በር ሲዘጋ መደንገጡ ጆሮው ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከባዱን ድምፅ እየሰማ «ሰ»ንና «ፈ»ን የመሳሰሉ ቀጫጭን ድምፆች የሚያመልጡት ልጅ አለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ አፉን ለመፍታት ይቸገራል። እርስዎም አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ድመት ወይም አውሮፕላን ሲያይ በጣቱ ጠቁሞ ዓይንዎን ይፈልጋል? ካልጠቆመ፣ ከ16 ወር ጀምሮ የሚሞላው የኦቲዝም ማጣሪያ መጠይቅም እንዲሠራለት ይጠይቁ።

የእናትዎን ምክር በአክብሮት ነው የምመለከተው፤ ወንዶች በንግግር ጥቂት ዘግየት ማለታቸውም እውነት ነው። ይህ ልዩነት ግን ትንሽ ነው፤ ሲጠሩት ብዙ ጊዜ የማይዞርን ልጅ ሁኔታ አያስረዳም። ስለዚህ ሁለት ዓመት እስኪሞላው አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ በአንገት በላይ ክፍል የመስማት ምርመራ እንዲታዘዝለትም አጥብቀው ይጠይቁ። ቀድሞ ይችል የነበረውን፣ ለምሳሌ ቻው ማለትን ከተወ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በማግስቱ ይሂዱ። እስከዚያው ስልኩን ከፊቱ ያርቁለት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ ስክሪን ማየትን አይመክርም። በምትኩ ሲያጥቡትም ሲያበሉትም ፊት ለፊት ሆነው ያውሩት። ካርዱን ይዘው ሲሄዱ፣ መቼ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደዳኸና መቼ ዕቃ ይዞ እንደቆመ በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡት።