የኦቶካድ (የቴክኒክ ስዕል መሥሪያ ፕሮግራም) ስዕል ፓወርፖይንት ላይ ሲገባ ለምን ይበላሻል? ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ ፓወርፖይንት የዲደብሊውጂ (የኦቶካድ ዋና ፋይል) ፋይሌን አይከፍትልኝም።

መልስ፦ አይከፍትም። ወደ ፒዲኤፍ አትመው፣ ኢንክስኬፕ በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ላይ ክፈተው፣ ኤስቪጂ ወይም ኢኤምኤፍ (ሲጎሉ የማይደበዝዙ የስዕል ፋይሎች) አድርገህ አስገባ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ዲኤክስኤፉን (ስዕሉን ለሌላ ፕሮግራም ማቀበያ ፋይል) ኢምፕሬስ (የሊብሬኦፊስ ስላይድ መሥሪያ) ላይ ሳስገባ ግድግዳውም የወለል ንጣፉም መስመር እኩል ቀጭን ሆነ። ለምን?

መልስ፦ ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው! ብዙ ሰው ውፍረቱን የሚወስነው በቀለም ነው። ቀዩ ቀጭን፣ ሰማያዊው ወፍራም የሚለው ደግሞ ሲቲቢ ፋይሉ (እያንዳንዱ ቀለም በምን ውፍረት እንደሚታተም የሚወስነው ፋይል) ላይ እንጂ ስዕሉ ውስጥ የለም። ሲቲቢ የሚሠራው ሲታተም ነው። ስለዚህ ዲኤክስኤፉ ውፍረቱን ይዞት አይመጣም። ሲቲቢውን መርጠህ ወደ ፒዲኤፍ ስታትም ግን ውፍረቱ አብሮ ይሄዳል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሉውን ኤ1 (ትልቅ የስዕል) ወረቀት መደበኛው ስላይድ ላይ ብታሳንሰው 0.13 ሚሊሜትር የነበረው መስመር ወደ 0.04 ይወርዳል። ፕሮጀክተር ላይ ድራሹ ይጠፋል። ለስላይድ የራሱን ወፈር ያለ ሲቲቢ ሥራለት። ደግሞ ከስላይድ ላይ ልኬት አትውሰዱ!

ጥያቄ፦ 40 ሜትር ህንፃ 1፡1 (በእውነተኛ መጠኑ) ይገባል?

መልስ፦ በፍጹም። የፓወርፖይንት ስላይድ ከ142.24 ሴንቲሜትር አያልፍም። «1፡100» የሚለውን ጽሑፍ አጥፋና ስኬል ባር (ከስዕሉ ጋር አብሮ የሚያንስና የሚያድግ የርቀት ማሳያ መስመር) አስገባ። ከስላይድ ላይ ልኬት አይወሰድም፣ አልኩ።

አንድ አባል፦ ኤስቪጂ አትበሉ። ፓወርፖይንት 2013 ያለው ሰው ማስገባት አይችልም። ኢኤምኤፍ ነው የሚያዋጣው።

ሌላ አባል፦ በፓወርፖይንት 2013 እስከ መቼ? ኢኤምኤፍ የሚያሳልፍ ቀለም አይችልም፤ ጥላው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይመጣል።

አንድ አባል፦ ጥላ ያለው የቴክኒክ ስዕል ደግሞ የት አየህ?

መልስ፦ ተስማሙና ንገሩን። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ አልሠራልኝም።

መልስ፦ ምኑ? ምን ፋይል? በየትኛው ፕሮግራም? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ጽሑፎቹ ተቀያየሩብኝ።

መልስ፦ ኤስኤችኤክስ ፎንት (የኦቶካድ የራሱ የፊደል ዓይነት) ነው። ሌላው ፕሮግራም ስለማያውቀው በራሱ ይተካዋል። ፒዲኤፍ አትም።

ጥያቄ፦ ኮፒ ፔስት ባደርገውስ?

መልስ፦ ተጠንቀቅ። ዝም ብለህ ፔስት ካደረግከው የመረጥከው ክፍል እንደ ኦቶካድ ስዕል ይቀመጣል። የላክህለት ሰው ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ሊቀይረው ይችላል። ፔስት ስፔሻል ግባና እንደ ፎቶ ለጥፈው።

ጥያቄ፦ ዲደብሊውጂ በቀጥታ አይገባም እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሌየሮቹን (የስዕሉን ንብርብሮች) ስላይዱ ላይ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። እያንዳንዱን ሌየር ለየብቻ አትምና አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው፣ ከዚያ በአኒሜሽን አሳየው። ሁሉንም በአንድ መጠንና ከአንድ ማዕዘን ካላተምክ ግን አይገጣጠሙልህም።