የአናሞክስ ባክቴሪያ ስብ በጣና ደለል

ወንድሜ፣ የአናሞክስ ባክቴሪያን አሻራ በጣና ደለል ውስጥ በስቡ መፈለግ ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል፤ በባሕር ደለል ላይ የሚሠራበትን ዘዴ ግን እንዳለ አትገልብጥ። አሞኒየምን ያለ ኦክስጅን በናይትራይት አማካይነት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት እነዚህ ባክቴሪያዎች የካርቦን ቀለበቶቹ እንደ መሰላል እርከን የተደረደሩ ላደሬን የተባለ ስብ አላቸው፤ የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላ ፍጡር ሲሠራው ስላልታየ ምስክርነቱ ጠንካራ ነው። ክፋቱ ሙቀት አይችልም! ናሙናውን በሙቀት አትንኖ በሚለየው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ውስጥ ቅርጹ ይለወጣል፤ በፈሳሽ ውስጥ በሚለየው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊና የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትር ለካው። ለጥንታዊ ደለል የሚመረጠው ባክቴሪዮሆፓንቴትሮል የተባለው ሌላ የባክቴሪያ ስብ ልዩ ዓይነት፣ ስካሊንዱዋ የተባለው የባሕር አናሞክስ ባክቴሪያ ምልክት ስለሆነ ለጣና አልመክርህም። የሐይቁ ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱም እያማሰለ ኦክስጅን ያስገባበታል። ስለዚህ ውኃውን ትተህ ደለሉን ውሰድ፣ ናሙናውንም እዚያው ባሕር ዳር ሳትወጣ አቀዝቅዘው።