አዳራሽ እየተከራየን እስከ መቼ?

ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይ ልጅ ይዛችሁ ለመጣችሁ ወይም እዚሁ ለወለዳችሁ። ሐሳቤ በቁጥር ከፋፍዬ ልመክራችሁ ነበር። አንዱ ነጥብ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ይፈላል፤ ከአሁኑ ቻሉኝ።

1. ወረቀት። ዜግነት እስክታገኙ ድረስ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር በ10 ቀን ውስጥ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። ታክስ በጊዜው። ያልገባችሁን አትፈርሙ። ሌላው ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።

2. ገንዘብ። አገር ቤት ላሉት መላክ ደግ ነው። ግን ማንም የማይኖርበትን ቤት አዲስ አበባ ላይ ለመጨረስ ሁለት ሥራ እየሠራችሁ፣ እዚህ ያሉትን ልጆቻችሁን ታብሌት የሚያሳድግላችሁ ከሆነ ሒሳቡን እንደገና ሥሩት።

3. ልጆች። የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው።

ከዩ ስትሪት በ16ኛው ጎዳና ወደ መሀል ከተማ ስትወርዱ፣ ኪው ስትሪት ጥግ ላይ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ታክሲና ኡበር የነዳን ሁሉ በደጁ ተመላልሰናል። የአይሁዶች ኮሚኒቲ ሴንተር ነው። በ1925 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ራሳቸው ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) አንድ ቀን ገብቼ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የኛን ነገር ሳስብ ያናድደኛል።

ታሪኩ ከዲሲ ይቀድማል። በ1854 እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር ውስጥ የዕብራውያን ወጣቶች ማኅበር ተቋቋመ። ቤተ መጻሕፍት፣ ክርክር፣ ንግግር፤ ወጣቱ የሚያመሽበት ቦታ ነበር። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ግን ከሩሲያና ከፖላንድ በኩል ስደተኛው ጎረፈ። ቀድመው የመጡትና የከበሩት ጀርመን አይሁዶች በአዲሶቹ አፈሩ። ዪዲሽ የሚባለውን የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ መናገራቸው፣ አለባበሳቸው፣ ድህነታቸው አሳፈራቸው። የኛ ሰው ገና ከኤርፖርት የመጣውን ዘመዱን እንዴት እንደሚያይ ስለማውቅ አልገረመኝም። ሆኖም አፍረው አልተቀመጡም። በ1889 ኒው ዮርክ ላይ እንደተቋቋመው ዓይነት ማዕከል ከፈቱላቸው፤ እንግሊዝኛ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ሙያ፣ ገላ መታጠቢያ ሳይቀር።

ዓላማው ስደተኛውን ቶሎ አሜሪካዊ ማድረግ ነበር። ተሳካ፤ ከልክ በላይ ተሳካ። የብዙዎቹ የልጅ ልጆች ዪዲሽ ጠፋባቸው። ያን ጊዜ ጥያቄው ተገለበጠ፤ «እንዴት አሜሪካዊ እናድርጋቸው?» የነበረው «እንዴት አይሁድ ሆነው ይቆዩ?» ሆነ። ሞርደካይ ካፕላን የሚባሉ ረቢ በ1918 ማንሃተን ውስጥ ምኩራብን፣ ትምህርትንና ስፖርትን ባንድ ጣሪያ ሥር ያዋለ ማዕከል ይዘው ብቅ አሉ። በ1948 ደግሞ የሴንተሮቹ ብሔራዊ ድርጅት ያስጠናው ጥናት ወጣ፤ ስፖርቱና ጭፈራው ብቻውን አይበቃም፣ የአይሁድነት ይዘት ይኑረው የሚል። ራሳቸውን ገመገሙ ማለት ነው። እኛ ስንገመግም መጨረሻው መሰንጠቅ ነው።

«እነሱ አንድ ናቸው፣ እኛ በዘርና በሃይማኖት ተከፋፍለናል» እንዳትሉኝ። ሴንተሩ ቅዳሜ ይከፈት ወይስ ይዘጋ እያሉ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። አጥባቂው ከለዘብተኛው ጋር አብሮ አይጸልይም። ግን የአብዛኞቹ ሴንተር ከምኩራብ የተለየ ነውና፣ አብረው የማይጸልዩት አብረው ይዋኛሉ። የኛ ደግሞ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ መስጊድ ነው፣ ወይ ፖለቲካ ነው። በመሀል ልጁ የት ይሂድ?

አንድ የነበርኩበት ማኅበር ሕንፃ እንግዛ ብሎ ገንዘብ አሰባስቦ ነበር። ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች ቼክ ጻፉ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ማን ይሁን ተባለ። መተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ በአንቀጽ ተነበበ፣ ተሰረዘ፣ ተደለዘ። ለሁለት ተከፈልን፤ የተዋጣው ለጠበቃ ሄደ። ዛሬም ለአዲስ ዓመት አዳራሽ እንከራያለን፣ ዘፋኝ እናስመጣለን፣ ሌሊት ወንበር እናጣጥፋለን።

አማርኛ ትምህርት አለ ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። ምድር ቤት፣ ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ቅዳሜም ወንበር ላይ። ጓደኞቹ ኳስ እየተጫወቱ እሱ «ሀ ሁ» ይላል። አማርኛን እንደ ቅጣት ነው የሚያውቃት። እነሱ ጋ ልጁ የሚመጣው ሊዋኝ ነው። ጠዋት አጸደ ሕፃናት አለ፣ ማታ ቴአትር አለ፣ ሽማግሌው ስፖርት ይሠራል። አርብ ሲሆን ሕፃናቱ የሰንበት ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ይዘምራሉ። ማንም «ባህልህን ተማር» ብሎ አልጮኸበትም።

የኔዋ ልጅ አያቷ ስትደውል «ሰላም ነሽ እማማ» ትልና ትጨርሳለች። «ምን በላሽ?» ስትባል «እሺ» ትላለች። እናቴ ከዚያ ማዶ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አሁን ማስተማሩ አልፎበታል።

የኳስ ፌዴሬሽናችን ከ1984 ጀምሮ በየሐምሌው ከየስቴቱ ይሰበስበናል። አይሁዶቹም ከ1982 ጀምሮ የታዳጊዎች ውድድር አላቸው። የነሱ ልጅ ከውድድሩ ሲመለስ ሰኞ ዕለት የሚለማመድበት ሴንተር አለው። የኛ ሲመለስ ቲሸርት አለው።

4. ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከአባልነት ክፍያ፣ ከለጋሽ፣ ከሁሉም በላይ ከየዕለቱ አገልግሎት። አይሁድ ያልሆነ ጎረቤትም ከፍሎ ይዋኛል፣ ልጁን ያስገባል። እነሱም ቀላል አልሆነላቸውም። አባላቱ ወደ ሜሪላንድ ሲወጡ የ16ኛው ጎዳናውን ሕንፃ ሸጠው በ1969 ሮክቪል ገቡ። ከተማ የቀሩት ግን መልሰው ገዙት፣ አደሱትና በ1997 ከፈቱት። የሸጡትን ሕንፃ!

5. ስለዚህ በሕንፃ አትጀምሩ። በሕፃናት ማቆያ ጀምሩ። ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ የሚጠብቁ እናቶቻችን ስንት ናቸው? ሁለቱ ሦስቱ ተሰባስበው ፈቃድ ያውጡ፣ እናንተ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ፣ ክፍያውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ይብሉ፣ በአማርኛ ይጣሉ። ሊቀመንበር የሚመረጠው ልጆቹ አንድ ዓመት ከዋሉ በኋላ ነው።